አራተኛው ፒስተን

ጥቅምት 5፣ ሰኞ

ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ደግሞ ያሳፍራል... ለማንም የማላወራውን ለደብተር ማውራት። ግን እውነቱን ልጻፍ? ዛሬ ቀኑን ሙሉ የተናገርኩት ቃል ቢቆጠር ሃያ አይሞላም። ከሃያውም ግማሹ «እሺ» ነው።

ደብተሩ የስምንተኛ ክፍል ነው። ከፊቱ ሂሳብ አለ፣ ከኋላው ባዶ። ትምህርት ካቆምኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አሁን አባቴ ጋራዥ ውስጥ እሠራለሁ። እሠራለሁ ማለት... ቁልፍ አቀብላለሁ፣ ዕቃ በናፍታ አጥባለሁ፣ የተፈታ ቡሎን እንዳይጠፋ እደረድራለሁ። እማዬ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ አጠገቧ ብቀመጥላት ትወዳለች። «ጥፍርሽን እዪው እስቲ፣ ከሰል የቆፈርሽ ነው የሚመስለው» ትለኛለች። እኔ ግን ሞተር እወዳለሁ። ሞተር ሰው አያይም። ለምን ዝም አልሽ ብሎም አይጠይቅም። ይሄንን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ዛሬ አንድ የጭነት መኪና መጣ። በዕድሜ ይበልጠኛል። ሹፌሩን መንገዱ ሁሉ «ጡሩምባ» ነው የሚለው፤ ሲያወራ ሦስት ጋራዥ ማዶ ይሰማል። መኪናው የራሱ ነው፣ አራት ልጆች የሚያድሩት በሱ ነው። ከጋቢናው ሳይወርድ ጀመረ።

«ጋሼ! ይሄ መኪና ሰካራም ሆነብኝ! ናፍታውን ትቶ ዘይቱን ነው የሚጠጣው!»

«ስንት ይጠጣል?» አለ አባቴ።

«ደርሶ መልስ አራት ሊትር! ከኋላዬ የሚመጣው ሁሉ መብራት አብርቶ ነው የሚከተለኝ፣ ጭሱ አላሳይ ብሎት።»

አባቴ ሳቀ። አባቴንም መንገዱ ስም አውጥቶለታል፤ «አውራ ጣት»። ሌላው በመሣሪያ የሚለካውን እሱ በአውራ ጣቱ ጥፍር ዳስሶ ይናገራል፣ አይስትም ይባላል። ከሌላ ሰፈር ድረስ ሞተር ጭነው ይመጡለታል።

ከዚያ ሹፌሩ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ የኔ እህት? አባትሽን ትረጂያለሽ?»

ጎማውን አየሁ። ጠበቀ። አሁንም ጎማውን አየሁ።

«ኧረ ይቺ ልጅ ድምጿን የት ነው የምታስቀምጠው?» ብሎ ሳቀ። አባቴም ሳቀ።

መልሱ አሁን ነው የመጣልኝ። ደብተር ውስጥ።


ጥቅምት 6፣ ማክሰኞ

ጥሩ ቀን ነበር።

አባቴ ሌሎቹ እንደሚያደርጉት ዘሎ ሞተር አይፈታም። ይሄን እወድለታለሁ። «ዘይት ክንፍ የለውም። ወይ ፈሷል፣ ወይ ውሃው ውስጥ ገብቷል፣ ወይ ተቃጥሏል። የትኛው እንደሆነ ሳታውቂ ቁልፍ አታንሺ» ይላል።

ማታ መኪናው ሥር ካርቶን አንጥፈን ነበር። ጠዋት ጎተትኩት... ሁለት ጠብታ ብቻ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል። አይፈስም። የራዲያተሩን ክዳን ከፈትኩ፤ ውሃው ላይ የሰፈፈ ቅባት የለም። ለፍሬኑ አየር የሚሞላው ፓምፕም አንዳንዴ ዘይት ይሰርቃል፤ የአየር ጋኑን ከሥሩ ከፈትነው፣ ዝገት ያለው ውሃ ብቻ ተፋ።

ሞተሩ ተነሳ። ጭሱ ሰማያዊ ነው።

«ጭሱ የሚብሰው መቼ ነው?» አለ አባቴ። «ቁልቁለት ጨርሰህ ነዳጅ ስትሰጠው ነው ወይስ ዳገት ላይ?»

«ዳገት ላይ ጋሼ። ጭነት ይዤ ዳገት ከጀመርኩ እኔም ራሴን አላየውም።»

ቁልቁለት ላይ ቢሆን ጥፋቱ ከላይ፣ ዘይት የሚያግደው ላስቲክ፣ የቫልቭ ጎሚኒው ነበር። ዳገት ላይ ከሆነ ከሥር ነው የሚመጣው። የዘይቱን መሙያ ክዳን ስንከፍተው እንደ ሽማግሌ ያለከልካል፣ ኡፍ... ኡፍ... ከዚያ በየሲሊንደሩ ግፊቱን ለካን። መለኪያውን እኔ ያዝኩ። «አንብቢ» ይለኛል። ሁሌ እኔን ነው የሚያስነብበኝ። ሃያ አራት፣ ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት፣ አሥራ ሰባት፣ ሃያ ሁለት፣ አሥራ ስምንት። አራተኛውና ስድስተኛው ደክመዋል። አራተኛው ውስጥ ማንኪያ የማይሞላ ዘይት ጠብ አድርገን ደግመን ስንለካ ሃያ አንድ ገባ።

«አየሽ? ዘይቱ ለጊዜው ክፍተቱን ደፈነው። ቀለበቶቹ አልቀዋል።»

እያንዳንዱን ፒስተን ሦስት ቀለበት ይከበዋል። የላይኛው ግፊት ይይዛል። የታችኛው ዘይቱን ከግድግዳው ጠርጎ ይመልሳል። የመሃሉ ሁለቱንም ይሠራል፣ ይይዛልም ይጠርጋልም። «እንደ እናትሽ» አለኝ አባቴ። ሳቅኩ። ድምፅ አውጥቼ ሳቅኩ።


ጥቅምት 13፣ ማክሰኞ

የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ወርዷል፣ ስድስቱም ፒስተኖች ወጥተዋል። እጄ ናፍታ ናፍታ ይላል፣ እማዬ ሊጡን እንዳልነካ ከለከለችኝ።

ከፊት ለፊታችን ያለው ዕቃ ሻጭ አዲሶቹን ቀለበቶች ይዞ መጣ። ቀጭን ሰው ነው፣ ሁሌ ብዕር ጆሮው ላይ።

«የድሮው ዓይነት የለም ጋሼ፣ መሥራት ትተዋል። ይሄ ግን ልኩ ነው። የመሃለኛውን ብቻ ምልክቱን ወደ ላይ ያድርጉት።»

«ምልክት ለተማሪ ነው» አለ አባቴ። አውራ ጣቱን ቀና አድርጎ አሳየው። «እኔ ይሄ አለኝ።»

ጡሩምባ ጭኑን እየመታ ሳቀ። ሻይ የምትሸጠው ሴትዮም ከበሩ ሆና ሳቀች።

በኋላ አሮጌውንና አዲሱን አስተያየሁ። የአሮጌው መሃለኛ ቀለበት ጠርዙ ላይ እርከን አለው፤ ጥፍር ሲሄድበት ቀጭ ብሎ ይይዛል። አባቴ ላይና ታቹን የሚለየው በዚያ ነው። አዲሱ ግን ልሙጥ ነው። የጠርዙ ዘንበል ማለት ለዓይንም አይታይ፣ ለጥፍርም አይያዝ። ያለው አንዲት ነጥብ ናት... ከቁንጫ የምታንስ።

ሁሉንም አጥቤ ነጭ ጨርቅ ላይ ደረደርኩ። ስድስት ረድፍ፣ ሦስት ሦስት። የመሃለኛዎቹ ነጥብ በሙሉ ወደ ላይ። ከዚህ ደብተር ወረቀት ቀድጄ ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር አደረግሁበት። ሁለቴ ቆጠርኩ፣ ሁለቴ አየሁ።

ሻይ ሻጯ ጎንበስ ብላ አየችኝና «ለሞተር ይሄን ሁሉ ቀለበት የደረደርሽ ለራስሽ ጊዜ እንዴት ልትሆኚ ነው?» አለችኝ። ፊቴ ጋለ። ጎንበስ ብዬ ነጥቦቹን እንደገና ቆጠርኩ።


ጥቅምት 14፣ ረቡዕ

ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል። ምናልባት...

አባቴ ቀለበት ማስገባት ጀመረ። ጡሩምባ ቆሟል፣ ዕቃ ሻጩ ቆሟል፣ ሻይ ሻጯ ቆማለች። አባቴ ሰው ሲያየው ደስ ይለዋል። እያንዳንዱን ቀለበት ያነሳል፣ ጠርዙን በጥፍሩ ይዳስሳል፣ ያስገባል። አንደኛው ደህና። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ደህና።

አራተኛው ላይ የመሃለኛውን አነሳ። ዳሰሰ። ቆመ። ገልብጦ በሌላው በኩል ዳሰሰ። እንደገና ገለበጠው? ሁለቴ ነው ሦስቴ? ብቻ ሲያስገባው ነጥቧ ወደ ታች ነበረች። አየኋት። በደንብ ነው ያየኋት።

«አባዬ...» አልኩ።

«ምን?» አለ፣ ሳይዞር።

ሁሉም አዩኝ።

«ምንም።» ጨርቅ አቀበልኩት።

ለምን? እኔ ማን ነኝ ብዬ ነው? ሠላሳ ዓመት የሠራን ሰው፣ በሰው ፊት? ምናልባት እሱ የሚያውቀው ነገር አለ ብዬም አስቤያለሁ። ወይ አላሰብኩም፣ ፈርቼ ብቻ ነው።

አምስተኛው ደህና። ስድስተኛውን አላየሁም። እያወቅኩ ነው ያላየሁት። ቡሎኖቹን ስቆጥር ነበር።


ጥቅምት 17፣ ቅዳሜ

መኪናው ተነስቶ ሄደ። ጡሩምባ እስከ መታጠፊያው ድረስ ጡሩምባ ነፋ። ትንሽ ይጨስ ነበር። «አዲስ ቀለበት ነው፣ ከግድግዳው ጋር እስኪላመድ ትንሽ ይጠጣል» አለ አባቴ። እውነት ነው፣ ይጠጣል። ሁሉም አዲስ ቀለበት እንደዚያ ነው።

እባክህ ልመድ።


ጥቅምት 26፣ ሰኞ

ምንም ወሬ የለም። ወሬ ከሌለ ደህና ነው ማለት ነው፣ አይደል?


ኅዳር 3፣ ሰኞ

ተመለሰ።

መጀመሪያ ያስፈራኝ ዝምታው ነው። ጡሩምባ ከጋቢናው ወርዶ፣ በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ፣ አባቴ ፊት ቆመ። ድምፁ እንደ ሰው ድምፅ ሆኗል።

«ጋሼ፣ መንገድ ዳር ቆሜ ዘይት ለመንኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ቆርቆሮ ይዤ። ደርሶ መልስ ስድስት ሊትር። ጭነቱ በሰዓቱ አልደረሰም ብለው ሥራውን ለሌላ ሰጡብኝ።»

አባቴ ሞተሩን አስነስቶ ጭሱን አየ። ሰማያዊ... ከበፊቱ የባሰ። የሰፈሩ ሰው ተሰበሰበ። አባቴ ተነስቶ መንገዱን ተሻገረና ዕቃ ሻጩ ላይ ጮኸ። «ምን ዓይነት ጉድ ነው የሸጥክልኝ? ይሄ ቀለበት ነው ወይስ ቆርቆሮ?»

ዕቃ ሻጩ አልተቆጣም። ብዕሩን ከጆሮው አውርዶ ሲያገላብጥ ቆየ። «ለአምስት መኪና ሸጫለሁ ጋሼ፣ አንዱም አልተመለሰም። የመሃለኛው ከተገለበጠ ግን ዘይቱን ወደ ታች መጥረጉን ትቶ ወደ ላይ ይስበዋል። ምልክቱን አይተው ነው ያስገቡት?»

ሁሉም አባቴን አዩ። አባቴ መሬት አየ፣ እጁን አየ። ከዚያ እኔን።

«እሷ ናት የደረደረችው» አለ።

እንደ ቀልድ ነው ያለው። ጨርቅ አምጪ እንደሚለኝ። «ገልብጣ ደርድራው ይሆናል። አምኜያት።»

አፌን ከፈትኩ። ከፍቼው ነበር፣ እምላለሁ። ምንም አልወጣም። እንባ እንኳ አልወጣም።

«አይ የኔ እህት» አለ ጡሩምባ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «ኑሮዬን ነው እኮ የገለበጥሽብኝ።»

«ኧረ ተዋት፣ ልጅ አይደለች እንዴ» አለች ሻይ ሻጯ።

አባቴ «በል ግባ፣ ሞተሩን መልሼ እከፍተዋለሁ፣ የእጄን አላስከፍልህም» አለው። ሰዉ «ተባረክ፣ ጨዋ ሰው» አለው። በእኔ ጥፋት ጨዋ ተባለ።


ኅዳር 4፣ ማክሰኞ

ስም ወጣልኝ። «ግልብጧ»።

ሻይ ሻጯ ናት የጀመረችው፣ ክፋት የላትም። «ግልብጧ፣ ብርጭቆውን አፉን ወደ ላይ አድርገሽ ያዢው እንግዲህ!» እስከ ቀትር ድረስ ጎማ ለጣፊውም፣ ብረት በያጁም፣ የማላውቀው ሰውም።

ትምህርት ቤት እያለሁ ስም እንኳ አልነበረኝም፣ «ያቺ ዝምተኛዋ» ነበርኩ። አሁን ስም አለኝ።


ኅዳር 5፣ ረቡዕ

እማዬ ጠዋት ቱታዬን ዘፍዝፋዋለች። እንዳልለብሰው ነው። «ይበቃል። ከዛሬ ጀምሮ ከእኔ ጋር ትውያለሽ። መላው መንደር ልጄን መሳቂያ ያደርጋት?»

አባቴ ጫማውን እያሠረ ነበር። ቀና አላለም። ወጣ።

የልብስ ስፌቱ ክፍል ጠባብ ነው። መኪናዋ፣ የጨርቁ ክምር፣ መስኮቱ፣ እኛ። የቀሚስ ጫፍ እያጠፍኩ ስሰፋ ዋልኩ። መስመሩ ተጣመመብኝ። እማዬ ዝም ብላ ትፈታዋለች፣ ዝም ብላ ትሰጠኛለች። ከቀትር በኋላ እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም፣ ጨርቁን እያየሁ፦

«እኔ አይደለሁም የገለበጥኩት።»

የእማዬ መቀስ ቆመ።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምን?»

«አንቺ ዕቃ ስትደረድሪ ተሳስተሽ ታውቂያለሽ? አባትሽ ነው። ዓይኑ ደክሟል።» መርፌዋን አንስታ ብርሃኑ ላይ ያዘችው። «ከተጋባን ጀምሮ ክር የሚያስገባልኝ እሱ ነበር፤ እኔ አልችልበትም፣ እጄ ይቸኩላል። ሁለት ዓመት ሆነው ከተወው። አንድ ቀን ብሰጠው ሦስቴ አየር ወጋ። አራተኛውን ‹ሥራ አለብኝ› ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እኔም አልሰጠው፣ እሱም አይጠይቀኝ።»

ሁለት ዓመት። ትምህርቴን «ይበቃሻል፣ ጋራዥ እርጂኝ» ብሎ ያስተወኝ መቼ ነበር? «አንብቢ» ማለት የጀመረው መቼ ነበር?

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት። ጮኼባት ነበር መሰለኝ።

ክሩን በምላሷ አሾለችው። አላየችኝም።

«አንቺስ?» አለች።


ኅዳር 6፣ ሐሙስ

«አንቺስ?»

ዛሬም ቀሚስ።


ኅዳር 9፣ እሑድ

ጸሐፊ ብሆን ይሄን ቀን እንዴት እንደምጽፈው አውቅ ነበር። እንደሆነው ልጻፈው።

አባቴ ከቁርስ በኋላ በሩ ላይ ቆመ። «ነይ» አለኝ። እማዬ የስፌት መኪናዋን መርገጥ አላቆመችም። ቱታዬ ደርቋል፤ ለበስኩት።

እሑድ ስለሆነ መንገዱ ጭር ብሏል። ጋራዡ ስንገባ የብረት በሩን ከውስጥ ዘጋ፣ በሰንሰለትም አሰረው። በቀን በሩን ዘግቶ አያውቅም። «ሰው ያስቸግራል» አለ። ጨለም ስላለ አምፖል አበራን።

ቴስታታውን ለብቻው አውርዶታል። ፒስተኖቹንም አውጥቷቸዋል። ይሄን ሁሉ በዳሰሳ ይችለዋል። አራተኛውን ፒስተን አንስቶ ፊቴ አስቀመጠ።

«የቱ ነው?»

የመሃለኛውን ቀለበት በጥንቃቄ አላቅቄ ገለበጥኩት። ነጥቧ ከሥር ነበረች።

«ይኸው።»

ተቀበለኝ። አቀረበው። አራቀው። አምፖሉ ሥር አስጠጋው። በጥፍሩ ዞረበት፣ አንዴ፣ ሁለቴ።

«የታለ?»

«እዚህ ጋ አባዬ። ከጥፍርህ ሥር።»

ጥፍሩን አነሳ። ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ።

«የታለ?» አለ እንደገና። አልተቆጣም። እውነቱን ነበር የሚጠይቀኝ።

እማዬ ነግራኝ ነበር፤ ግን መስማትና ማየት ለየቅል ነው። አባቴ፣ ከፊቱ ያለች ነገር አትታየውም። ማዘን ነበረብኝ? አዘንኩ። ግን ያዘንኩት ትንሽ ነው፣ የተቀረው ሌላ ነገር ነው። አያይም፣ ይሄን ደግሞ ያውቃል። ያን ቀን «እሷ ናት» ሲል ያውቅ ነበር።

«ማን ገለበጠው?» አለ፣ ለራሱ።

«አንተ።»

አልኩት! ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴ ደነገጥኩ።

ቀለበቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?»

«ሰው ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ። ገባው። ከዚያ... ከዚያ ምን ይላል ብዬ ጠበቅኩ? አንድ ቃል። አጭሯን እንኳ። አላላትም።

«መነጽር ያደረገ መካኒክ ማን ሞተሩን ይሰጠዋል?» አለኝ። «ዓይኑ ጠፋ ካሉ በማግስቱ በሩን ዘግቼ መቀመጤ ነው። ለማንም እንዳትናገሪ። በይ፣ አንቺ አስገቢው።»

ስድስተኛውም ተገልብጦ ነበር። ለአራተኛውና ለስድስተኛው አዲስ ተገዝቷል፣ የቀሩት ደህና ናቸው። እኔ አስገባሁ። ነጥቧን ወደ ላይ፣ የሦስቱ ቀለበቶች ክፍተት አንድ ቦታ እንዳይገጥም አዙሬ፣ ዘይት ቀብቼ፣ ቀለበቶቹን የሚጨምቀውን ማጥበቂያ ከብቤ፣ በመዶሻው እጀታ ቀስ... ቀስ... ጥብቅ ብሎ ሲገባ እጄ ላይ ይሰማኛል። አልተሳሳትኩም። አንድም ጊዜ።

አራተኛው ላይ እያለሁ በሩ ተንኳኳ። ጡሩምባ ነው።

«ጋሼ! አሉ? እንዴት ነው ነገሩ?»

«እየሠራሁ ነው!» ብሎ ጮኸለት አባቴ።

መዶሻው በእኔ እጅ ነበር።


ኅዳር 12፣ ረቡዕ

መኪናው ወጣ። ጭስ የለም። «ይቺን የተገለባበጠች ነገር አስተካክለንልሃል» አለው አባቴ። «አስተካክለን» ያለው እኔን ጨምሮ ነው ብዬ ነበር። ወዲያው ደግሞ «አሁን እኔ ራሴ ነኝ የደረደርኩት» አለው።


ኅዳር 19፣ ረቡዕ

ጠዋት ጋራዥ፣ ከሰዓት ስፌት። እማዬና አባቴ ሳይነጋገሩ የተካፈሉኝ ይመስላል። ግልብጧ እዚያም እዚህም።

ጋራዡ ጓሮ የቆመች ሞተር የሌላት አሮጌ መኪና አለች። ጋቢናዋ ውስጥ ነው የምጽፈው። እዚህ ማንም አይጠራኝም።


ኅዳር 26፣ ረቡዕ

ጡሩምባ መጣ። ዛሬ ድምፁ ከመኪናው ቀድሞ ደረሰ። አንድ ጓደኛውንም አስከትሏል፣ የሱም መኪና ዘይት ይበላል።

በሰው ሁሉ ፊት የዘይት መለኪያውን መዘዘ፣ ጠረገ፣ ከተተ፣ እንደገና መዘዘ። «እዩልኝ! ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር! ግማሽ ሊትር አልጨመርኩም! ሥራዬም ተመለሰልኝ!» መለኪያውን ለሻይ ሻጯ፣ ለዕቃ ሻጩ፣ ለጎማ ለጣፊው አሳየ። ከዚያ አባቴን አቅፎ ትከሻውን ሳመው።

«አውራ ጣት! እጅዎ ይባረክ! ይሄን ጣት መድን ያስገቡልኝ!»

ሳቅ ሆነ። እኔም ሳቄ መጣ፣ ደስታ ነበር፣ የእኔ ሥራ እኮ ነው። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

«ግልብጧ!» አለኝ ጡሩምባ። «አየሽ አባትሽን? ሥራ እንዲህ ነው! ተማሪ!»

አባቴን አየሁት። እሱም ወደ እኔ ዞረ። አሁን ይለዋል ብዬ ጠበቅኩ። «ተዋት፣ እሷ ናት የሠራችው» አይበል፣ ይቅር። «ስሟን በስሟ ጥራት» ቢል ይበቃኝ ነበር። አምስት እስክቆጥር ጠበቅኩ። አሥር ድረስ ጠበቅኩ።

አውራ ጣቱን በጨርቅ እየጠረገ «ትማራለች» አለ። «ልጅ ናት።»

ጓደኛዬ የሆነ ሰው ቢኖረኝ ዛሬ እነግረው ነበር።


ኅዳር 28፣ አርብ

አባቴ የጡሩምባን ጓደኛ ሞተር ፈታ። እኔ አጠብኩ። ያው ዓይነት ቀለበት፣ ያቺው ነጥብ።

ዕቃ ሻጩ ቀለበቶቹን ሲያመጣ ለአባቴ መስጠቱን ትቶ ጨርቄ ላይ አስቀመጠልኝ። ዝቅ ባለ ድምፅ «ምልክቱን ታውቂያለሽ» አለኝ። ጥያቄ አልነበረም። ያውቃል ማለት ነው? ከመቼ ጀምሮ? እሱም ዝም ብሏል።

ስንት ሰው ነው ዝም ያለው? እማዬ፣ ዕቃ ሻጩ፣ እኔ። አባቴን አከበርነው መስሎን... ስድስት ሊትር ዘይትና አንድ ስም ወጣበት። ስሙ የእኔ።


ኅዳር 30፣ እሑድ

ምሳ ላይ አባቴ አነጋገረኝ። ድምፁ ለስላሳ ነበር።

«ነገ ቀለበት ነው። በሩን ዘግተን ቶሎ እንጨርሳለን። አንቺ ታስገቢያለሽ።» ቆይቶ «እጅሽ ጥሩ ነው» አለ።

እጅሽ ጥሩ ነው። ይሄን ለመስማት ሁለት ዓመት ጠብቄያለሁ። እና ደስ አለኝ! በራሴ ተናደድኩ፣ ግን ደስ አለኝ። ከዚያ ቃሉን መልሼ አሰብኩት። በዝግ በር ነው የተባልኩት። በር ሲከፈት ግልብጧ ነኝ።

«እሺ» አልኩ። ልማድ ነው።

እማዬ ከትሪው ማዶ አየችኝ። አባቴ ሲወጣ «እሺ ነው ያልሽው?» አለችኝ። ምን ብላ እንደጠየቀችኝ አላውቅም፣ ተቆጥታ ይሁን ተስፋ አድርጋ። «እስከ ነገ ነው» አልኳት። ማታ ሳይ ቱታዬን አጥባ መስኮቱ ላይ ሰቅላዋለች።

አስቤበታለሁ። አባቴን አላዋርደውም። «አባቴ አያይም» አልልም፣ ያን እሱ ራሱ ይናገረው፣ ካልፈለገም ይተወው። ግን የእሱ ዓይን የእኔ ጥፋት አይደለም። ዓይን እሆንለታለሁ፣ መሸሸጊያ አልሆንለትም። ይሄን ዓረፍተ ነገር ሦስቴ ሰርዤ ነው የጻፍኩት።

ጋቢናዋ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ጮክ ብዬ ተለማመድኩ። «እኔ ነኝ የማስገባው።» መጀመሪያ እንደ አይጥ ነው የወጣው። ሁለተኛው ተሰበረ። አምስተኛው ደህና ነበር።

ነገ ከአባቴ ቀድሜ እሄዳለሁ። በሩን ሁለቱንም ክንፍ እከፍታለሁ። ጠረጴዛውን ወደ ደጅ አወጣለሁ፣ ደግሞም ብርሃኑ እዚያ ነው። ጡሩምባና ጓደኛው ይቆማሉ፣ ሻይ ሻጯም ትመጣለች፣ እሷ የማትቀርበት ነገር የለም። ቀለበቶቹን እነሱ እያዩ አስገባለሁ። በእያንዳንዱ ፒስተን ላይ «ነጥቡ ወደ ላይ» እላለሁ፣ ስድስት ጊዜ፣ ድምፅ አውጥቼ። ጡሩምባ የእኔንስ መኪና ሁለተኛውን ጊዜ ማን አስገባው ብሎ ከጠየቀ «እኔ» እላለሁ። መጀመሪያ ገልብጦ ያስገባውን ከጠየቀ ግን አልመልስም፤ አባቴን ነው የማየው። በሩን ዝጊ ካለኝ ቀለበቶቹን መዳፉ ላይ አስቀምጬለት እወጣለሁ።

ነገ በሩን አልዘጋም።